ቁጥሩም ንባብ ነው



የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በየዓመቱ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። አንዱ ጤና ጣቢያ ውሎ ማታ የሚያጠና ነርስ ነው፤ ሌላዋ ከተመረቀች አሥር ዓመት ያለፋት፣ ልጆቿን አስተኝታ ደብተር የምትገልጥ የባንክ ሠራተኛ ናት። እዚህ ሀገር ማስተርስ መማር የፈለገ ጋት የሚባለውን ፈተና ይፈተናል። አሜሪካ ለመማር የሚያመለክተውን ደግሞ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ይጠይቁታል። ሁለቱም ቨርባል (የቋንቋ) እና ኳንቲቴቲቭ (የቁጥር) የሚባሉ ክፍሎች አሏቸው፤ የዛሬው ንግግሬም በእነዚሁ ላይ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። እነዚህ ፈተናዎች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ረጋ ብሎ ማንበብን ነው። ቨርባሉ ለማንም ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ኳንቲቴቲቩም ቢሆን ከስሌቱ ንባቡ ይበልጣል። ተፈታኞቻችን ነጥብ የሚጥሉት ሒሳብ ስላልገባቸው ብቻ አይደለም። ጥያቄው ያላለውን እንዳለ አድርገው ስለሚወስዱ፣ ያለውን ደግሞ ዘለው ስለሚያልፉ ነው። ይህ ጉድለት በልምምድ ይስተካከላል፤ እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህንን ለማሳየት ነው።

ብዙ ሰው ግን ከመነሻው «ይሄ ፈተና በተፈጥሮ ነው» ብሎ እጁን ይሰጣል። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንፈተን አፕቲትዩድ የሚባል ነገር ነበር። ፊዚክስ መጽሐፍ አለው፤ ባዮሎጂ መምህር አለው፤ አፕቲትዩድ ግን መጽሐፍም የክፍል ጊዜም አልነበረውም። ማንም ያላስተማረንን ነገር ጎበዝ ይዞት የሚወለደው ችሎታ ነው ብለን ተውነው። ዓመታት አልፈው ዲግሪ ከያዝን በኋላ ያው ፈተና በሌላ ስም ሲመጣ ያው ፍርሃት ተከትሎት ይመጣል።

ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ስታንሊ ካፕላን የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1938 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ በወላጆቹ ቤት ተማሪዎችን ማስጠናት ጀመረ። ራሱ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ሕክምና ለማጥናት ሲያመለክት ግን አልተቀበሉትም። ምክንያቱ ይሁዲ መሆኑና ከመንግሥት ኮሌጅ መመረቁ እንደሆነ ያምን ነበር። ቆየት ብሎም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሰጠውን ኤስኤቲ ማስጠናት ያዘ። ወደ እርሱ ይመጡ ከነበሩት ብዙዎቹ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። የፈተናው ባለቤቶች በበኩላቸው ፈተናቸው በማስጠናት የሚለወጥ ውጤት እንደሌለው ለዓመታት ሲናገሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ፣ ዝግጅት ውጤትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አስታወቀ። የጨመረው ነጥብ ተአምር የሚባል አልነበረም፤ ነገር ግን «በተፈጥሮ ነው» የሚለው ወሬ በዚያው ተናጋ። የስደተኛው ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ያነሰው በአእምሮ አልነበረም፤ ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳየው ሰው አጥቶ እንጂ።

አሁን ወደ ቨርባሉ ልግባ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስሙ፦ «ወይዘሮ አልማዝ በስብሰባ ላይ እምብዛም አይናገሩም፤ ዝምታቸው ግን ከ______ የመጣ አይደለም፤ አንዴ መናገር ከጀመሩ ማንንም አይፈሩምና።» ክፍት ቦታውን ከሚከተሉት በአንዱ ሙሉ፦ ትዕግሥት፣ ድፍረት፣ ዓይን አፋርነት፣ ንቀት፣ ብልህነት። ምርጫዎቹን አንብቤ ሳልጨርስ አንዳንዶቻችሁ መልሱን ስትናገሩ ሰማሁ። እንዴት አገኛችሁት? «ግን» የሚለው ቃል ነገሩ ሊዞር መሆኑን ነገራችሁ። «ማንንም አይፈሩምና» የሚለው ደግሞ የጠፋው ቃል ከፍርሃት ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከታችሁ። ምርጫ ከማየታችሁ በፊት ክፍቱን ቦታ በልባችሁ «ፍርሃት» ብላችሁ ሞልታችሁታል፤ ከዚያ የቀረው ለእርሱ የሚቀርበውን «ዓይን አፋርነት»ን መፈለግ ብቻ ነበር። የጂአርኢ የክፍት ቦታ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። የሚለየው በእንግሊዝኛ መሆኑ፣ ዓረፍተ ነገሩ መርዘሙ፣ አንዳንዴም ክፍቱ ቦታ ሁለትና ሦስት መሆኑ ነው። ሦስት ክፍት ቦታ ያለው ጥያቄ ሦስቱም ካልተመለሱ ነጥብ አያሰጥም።

እንግዲህ የማመዛዘኑ ችሎታ አለን፤ በአማርኛ ስንጠየቅ አላንገራገርንም። የሚጎድለን እንግሊዝኛውን ያለ ጭንቅ የማንበብ ልማድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አብዛኛው ንባባችን የመምህሩ ሃንድአውት ነበር፤ ነጥብ በነጥብ የተዘረዘረ፣ ለመሸምደድ የተመቸ። አንድ ጸሐፊ ሐሳብ አንሥቶ፣ የተቃዋሚውን አስተያየት አቅርቦ፣ በከፊል ተቀብሎ፣ ከዚያ ወደ ራሱ አቋም የሚመለስበት ረጅም ጽሑፍ ብዙ አላነበብንም። የቨርባሉ ምንባብ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እንዲህ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ቃል ከመሸምደድ በፊት ንባብ ይቅደም እላለሁ። እዚሁ አዲስ አበባ የሚታተሙት አዲስ ፎርቹንና ዘ ሪፖርተር በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ ርዕሰ አንቀጽና ትንታኔ ያወጣሉ። በተለይ የፎርቹን ርዕሰ አንቀጽ ጠጠር ያለ ቃል አያጣውም፤ ጉዳዩ ግን የምናውቀው የብር ምንዛሪ፣ የምናውቀው የቤት ኪራይ ስለሆነ አንባቢው ከቃሉ ጋር ብቻ ነው የሚታገለው። አንዱን ርዕሰ አንቀጽ ውሰዱ። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ሰውየው ምን አለ?» ለሚለው መልስ ስጡ። መልሱ ካልመጣላችሁ አንቀጹን አልፋችሁታል እንጂ አላነበባችሁትም፤ ተመለሱ። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከወር በኋላ ግን ዓይናችሁ ሐሳቡ የሚዞርባቸውን ቦታዎች፣ እነ «ሃውኤቨር»ን፣ እነ «ዶው»ን ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል።

ከዚህ ንባብ የምታገኟቸውን የማታውቋቸውን ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸው ደብተር ላይ ጻፏቸው። በቴሌግራም የሚዞረውን የሺህ ቃል ዝርዝር ከኤ ጀምሮ የሚሸመድድ ሰው ሲ ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል፤ ቢደርስም ቃሉን እንጂ አገባቡን አያውቀውም። ለጂአርኢ ተብለው ከሚዞሩት ወረቀቶች ብዙዎቹ ደግሞ ያረጁ ናቸው። ጂአርኢ ተቃራኒ ቃል ምረጡ የሚለውንና አናሎጂ የሚባለውን ጥያቄ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 ነው። ስለዚህ «የጂአርኢ ጥያቄ» ተብሎ የተሰጣችሁ ወረቀት በተቃራኒ ቃላት የተሞላ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ መሆኑን ዕወቁና ለጂአርኢ አትድከሙበት።

የምንባብ ጥያቄ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት አለ። ይህን አጭር ምንባብ ልብ በሉ፦ «በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ፀሐይ ላይ ከተተከለው ያነሰ ፍሬ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጥላው የአፈሩን እርጥበት ስለሚጠብቅ ገበሬው በማሳው ለብዙ ዓመታት ይጠቀማል።» ጥያቄው «ጸሐፊው በየትኛው ሐሳብ ይስማማል?» የሚል ነው እንበል። ምርጫ ኤ «የቡና መገኛ ኢትዮጵያ ናት» ይላል። ምርጫ ቢ «የጥላ ቡና ጣዕሙ ይበልጣል» ይላል። ምርጫ ሲ «የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ማየት የማሳውን ሙሉ ጥቅም አያሳይም» ይላል። ኤ እውነት ነው፤ ግን ምንባቡ ስለ መገኛ አንዳች አላነሣም። ቢ ለጆሯችን ይጥማል፤ ስለ ጣዕም የተጻፈ ግን የለም። ሲ ቃል በቃል ባይገኝም ከተጻፈው ብቻ ተነሥተን የምንደርስበት ነው፤ መልሱም እርሱ ነው። የጤና ባለሙያ ስለ ወባ የተጻፈ ምንባብ፣ የሕግ ባለሙያ ስለ ፍርድ ቤት የተጻፈ ምንባብ ሲያጋጥመው የሚሳሳተው የሚያውቀውን ይዞ ስለሚገባ ነው። ፈተናው ምን እንደምታውቁ አልጠየቃችሁም፤ የጠየቃችሁ ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ ነው።

ወደ ኳንቲቴቲቩ ስንመጣ በመጀመሪያ የሚያረጋጋ ነገር ልንገራችሁ። የጂአርኢ ሒሳብ ካልኩለስ የለበትም፤ ትሪጎኖሜትሪም የለበትም። ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ የአልጀብራ እኩልታ፣ የሦስት ማዕዘንና የክብ ጂኦሜትሪ፣ ግራፍና ሠንጠረዥ ማንበብ፣ መጠነኛ ፕሮባብሊቲ ነው። ሶሾሎጂ የተማረም ሆነ ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ሰው መሠረቱን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይቶታል። ስለሆነም በውድ የሚሸጥ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ከታናሽ ወንድም ወይም ከጎረቤት ልጅ ተዋሱ። ኢንጂነሮች ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። እውነቱ ግን ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የሚፈታ ኢንጂነር ፐርሰንት ላይ ሲሳሳት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቀላል ነው ብሎ ጥያቄውን በግማሽ ዓይኑ ስለሚያነብ ነው።

በጂአርኢ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማንበብን ነገር የሚፈትነው የማነጻጸር ጥያቄ ነው። ሁለት መጠኖች ይሰጧችኋል። ኤ ይበልጣል፣ ቢ ይበልጣል፣ እኩል ናቸው፣ ወይም በተሰጠው መረጃ ማወቅ አይቻልም ከሚሉት አራት መልሶች አንዱን ትመርጣላችሁ። እንዲህ ይበል፦ «ኤክስ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ነው። መጠን ኤ ኤክስ ስኩዌር ነው፤ መጠን ቢ ኤክስ ነው።» ብዙ ሰው ወዲያው ኤ ይበልጣል ይላል፤ ቁጥር ስኩዌር ሲሆን ያድጋል ብሎ ነው። በ2 ሞክሩት፤ 4 ከ2 ይበልጣል፤ ትክክል ይመስላል። በ1 ሞክሩት፤ እኩል ሆኑ። በአንድ ሁለተኛ ሞክሩት፤ ስኩዌሩ አንድ አራተኛ ነው፣ አነሰ። ስለዚህ መልሱ ማወቅ አይቻልም የሚለው ነው። የተሳሳተው ሰው ሒሳብ አልጎደለውም፤ አንድ አራተኛ ከአንድ ሁለተኛ እንደሚያንስ ያውቃል። ጥያቄው «ቁጥር» ሲል «ሙሉ ቁጥር» ብሎ አነበበው፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ኔጌቲቭ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ክፍልፋይና ትልቅ ቁጥር ተራ በተራ ይፈቀዱ እንደሆነ መጠየቅ ልማድ ይሁንባችሁ።

ፐርሰንቱንም በገበያችን እንየው። ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር እንበል። በ20 ፐርሰንት ጨመረ፤ ከዚያ በ20 ፐርሰንት ቀነሰ። ዋጋው ስንት ሆነ? «ወደ 10,000 ተመለሰ» የሚለው መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ሁልጊዜ ይቀመጣል፤ ፈተና አውጪው ያውቀናላ! ሲጨምር 12,000 ሆነ። ሲቀንስ ግን የሚቀንሰው የ12,000 20 ፐርሰንት፣ ማለትም 2,400 ነው። የደረሰው 9,600 ላይ ነው። «የምን 20 ፐርሰንት?» የሚለውን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አይሳሳትም። የአማካይ ፍጥነት፣ የወለድ፣ የሕዝብ ብዛት ጥያቄዎችም ብዙዎቹ «የምን?» በሚለው ይፈታሉ።

ሰዓቱስ? አሁን ያለው አጭሩ ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የጀመረ ሲሆን በጠቅላላው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቨርባሉ 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ፣ ኳንቲቴቲቩ 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ ነው፤ በአማካይ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይደርሳል። እያንዳንዳቸው በሁለት ይከፈላሉ፤ የመጀመሪያውን እንዴት እንደሠራችሁ ታይቶ የሁለተኛው ክብደት ይወሰናል። በአንዱ ክፍል ውስጥ ሳላችሁ ጥያቄ ዘላችሁ መመለስ ይፈቀዳል። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። የጎበዝ ተማሪ አንዱ ድክመት ደግሞ እልህ ነው፤ አንድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ሦስት ቀላል ጥያቄ ሳያይ ሰዓቱ ያልቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከባዱም ቀላሉም እኩል ነጥብ ነው ያላቸው። ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ግን የስህተት ደብተር ነው። ልምምድ ሠርቶ መልሱን አይቶ «አሃ፣ ገባኝ» ብሎ ማለፍ ጥናት አይደለም። ለተሳሳታችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ቁጥር 7። የእኔ ኤ፣ ትክክለኛው ዲ። ኤክስ ሙሉ ቁጥር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ጥያቄው አላለም።» ወይም «ቁጥር 12። ምርጫ ቢ እውነት ነው፤ ምንባቡ ውስጥ ግን የለም።» ወይም «የክብ ስፋት ፎርሙላ ጠፋኝ።» ሦስተኛው መጽሐፍ ገልጦ የሚፈታ ችግር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ምንም መጽሐፍ አያድናቸውም፤ ራሳችሁን ስታዩ ብቻ ነው የሚስተካከሉት። ሃምሳ መስመር ያህል ሲጠራቀም አንብቡት፤ አብዛኛው ስህተታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ምን ማጥናት እንዳለባችሁ ሰው መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ሥራ ያለው ሰው ይህን ሁሉ መቼ ይሠራዋል? በሁለት ሳምንት ቸከላ አይሆንም። በቀን አርባ አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ወር ያህል ቢገኝ ይበቃል። ቤት የማይመቻችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ አብርሆትና ወመዘክር የሚባሉ ቤተ መጻሕፍት አሉላችሁ። የክፍለ ሀገር ልጆች ኢንተርኔት ባገኛችሁበት ቀን ትምህርቱን አውርዳችሁ መብራት ሲጠፋም የምትሠሩበትን ነገር በወረቀት ያዙ። ካን አካዳሚ ሒሳቡን በነፃ ያስተምራል። የጂአርኢ አዘጋጅ የሆነው ድርጅት ራሱ ፓወርፕሬፕ የተባለ ሁለት ሙሉ የሙከራ ፈተና በነፃ ይሰጣል። አንዱን መጀመሪያ ላይ፣ ሁለተኛውን ፈተናው ሲቃረብ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ተፈተኑ። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ለማስተርስ የሚዘጋጁ ወገኖቻችንም በእነዚሁ ነፃ ነገሮች ሊጀምሩ ይችላሉ።

«የሾለከ ጥያቄ አለኝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ግን አትጠጉት። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ ወንጀል ነው፤ ሐሰት ከሆነ ገንዘባችሁ ተበልቷል። በሁለቱም መንገድ የምታጡት የራሳችሁን ነው።

የአንድ ቀን ፈተና የሰውን ሙሉ ማንነት ይመዝናል ብዬ አላምንም። የጂአርኢ አዘጋጆች ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነጥብ ገደብ አውጥተው በእርሱ ብቻ እንዳይወስኑ ይመክራሉ። አሜሪካ ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በርካታ የትምህርት ክፍሎች ጂአርኢን ጨርሶ ትተውታል፤ ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የምታመለክቱበት ክፍል ይጠይቅ አይጠይቅ አረጋግጡ። ስትመዘገቡ ስማችሁን ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው፣ በፊደሉም በቅደም ተከተሉም ሳትለውጡ ጻፉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና የአባትና የአያት ስም ሲምታታ በፈተናው ዕለት ከበር ሊያስመልስ ይችላል። ውጤታችሁ ካላስደሰታችሁ ከ21 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ውጤቱም ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

ሁለት ልመና አለኝ። ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ጋትን ለሚያዘጋጁት፦ በቂ የናሙና ጥያቄ ከነመልሱና ከነማብራሪያው በየዓመቱ ለሕዝብ አውጡ፤ የቴሌግራም ነጋዴው ገበያ የሚዘጋው በዚህ ነው። ለተፈታኞች፦ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ግዙና የመጀመሪያውን ስህተታችሁን ጻፉበት።